የመረጃ ትንተናን በዩኒቨርሲቲ መማር፦ ለደህንነትም ለንግድም ይረባል ወይ?

ሰብለ_ገበያ

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ተሳታፊዎች። በኢኮኖሚክስ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ፤ የምሠራውም አንድ ቡና ላኪ ድርጅት ውስጥ በገበያ ክትትል ክፍል ነው። ስሙ ትልቅ ይመስላል እንጂ ሥራው በየጠዋቱ የኒውዮርክን የቡና ገበያ ዋጋ፣ የብራዚልን የአየር ጠባይ፣ የመርከብ ኪራይንና የተፎካካሪዎችን ወሬ ለቃቅሞ ሁለት ገጽ ማዘጋጀት ነው። ሥራ አስኪያጃችን ሁለቱን ገጽ አገላብጠው «ታዲያ እንሽጥ ወይስ እንቆይ?» ይሉኛል። እኔም «ዋጋው ሊጨምር ይችላል፣ ሆኖም የመቀነስ አዝማሚያም አለው» ብዬ እመልሳለሁ። ፊታቸውን ብታዩት!

ሰሞኑን በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች «የመረጃና የደህንነት ጥናት» የሚል የማስተርስ ትምህርት አየሁ። ግማሹ የስለላ ድርጅቶችና የጦርነት ታሪክ ነው፤ ግማሹ ደግሞ የትንተና ዘዴና የውሳኔ አሰጣጥ። ለንግድ ድርጅቶችም ይሆናል ተብሎ ተጽፏል። ይህ ነገር ራሱን የቻለ የትምህርት ዘርፍ ነው ወይስ የጡረተኛ ሰላዮች ጨዋታ በዲግሪ ስም? አባቴ «ልትሰልዪ ነው እንዴ?» ብሎ ተቆጥቶኛል። የሚያውቅ ሰው ቢመክረኝ።

ለምን_ተባለ

እህቴ፣ ገንዘብሽን ያዥ። አንድ ነገር ትምህርት ለመባል ማስረጃው አደባባይ ላይ መኖር አለበት። የስለላ ሥራ በባሕርይው የተደበቀ ነው፤ የተሳካው አይነገርም፣ የከሸፈው ብቻ ጋዜጣ ላይ ይወጣል። እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመንን የምስጢር መልእክት እየፈቱ ያነቡ እንደነበር ሕዝብ በሰፊው የሰማው በፈረንጆች 1974 ነው። እስከዚያ ድረስ ስለ ጦርነቱ የተጻፈው ታሪክ ሁሉ ዋናው ነገር የጎደለው ነበር ማለት ነው። ታዲያ ዛሬ በክፍል ውስጥ የሚነግሩሽ ጊዜው ያለፈበት እንዳልሆነ በምን ታውቂያለሽ? ያውም ለቡና ሽያጭ! ስታቲስቲክስሽን አጠናክሪ፤ እሱ ይበቃሻል።

ማኅደር_ፈላጊ

«ለምን ተባለ» ያነሱት የ1974ቱ ጉዳይ እውነት ነው፤ ግን የሚደግፈው የእርስዎን ሐሳብ ሳይሆን ተቃራኒውን ይመስለኛል። ያ ምስጢር ከወጣ በኋላ ነው የታሪክ ምሁራን በተለይ በብሪታንያ የመዝገብ ቤቶችን በር ማንኳኳት የጀመሩት። በ1986 ብቻ ሁለት የጥናት መጽሔቶች በዚህ መስክ ተመሠረቱ። እኔም እዚሁ ብሪታንያ የዶክትሬት ጥናቴን በዚሁ ርእስ ላይ ስለምሠራ ትንሽ ላስረዳ።

የመስኩ አባት የሚባለው ሸርማን ኬንት በዬል ዩኒቨርሲቲ የአውሮፓ ታሪክ መምህር ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ በአሜሪካ የስለላ ድርጅት የምርምርና የትንተና ክፍል ውስጥ ገባ፤ በ1949 ስለ ስትራቴጂያዊ መረጃ መጽሐፍ ጻፈ፤ በኋላም ሲአይኤ ውስጥ ብሔራዊ ግምገማዎችን የሚያዘጋጀውን ክፍል መራ። በ1955 የሙያው መጽሔት እንዲቋቋም ያደረገውም እሱ ነው፤ የራሱ ጽሑፍ የሌለው ሙያ ያለፈውን አይማርበትም ብሎ ያምን ነበርና።

አሁን ወደ እህት ሰብለ ሁለት ገጽ ልምጣ። በ1951 የኬንት ክፍል ሶቪየት ኅብረትና አጋሮቿ ዩጎዝላቪያን ሊያጠቁ ይችሉ እንደሆነ ግምገማ አወጣ። ጥቃቱ በዚያ ዓመት የመሆኑ ነገር «በብርቱ ሊታሰብበት የሚገባ» ነው የሚል ቃል ነበረበት። ከጥቂት ቀናት በኋላ አንድ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ኃላፊ ኬንትን «ለመሆኑ ይህ ቃል ስንት ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀው። ኬንት «65 ለ35 ይሆናል የሚለው ያመዝናል» አለ። ሰውየው ደነገጠ፤ እሱና ባልደረቦቹ ከዚያ በጣም ያነሰ አድርገው ነበር ያነበቡት። ኬንት ተመልሶ ግምገማውን አብረውት ያጸደቁትን ሰዎች አንድ በአንድ ጠየቀ። አንዱ 80 ለ20 ይሆናል ብሎ ነበር የተስማማው፤ ሌላው 20 ለ80። አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ሁሉም ፈርመዋል፤ የፈረሙት ግን በየራሳቸው ሐሳብ ላይ ነው።

«ሊጨምር ይችላል» የሚለው የእርስዎ አባባልም ያው ነው። ሥራ አስኪያጁ 80 ብለው ሊያነቡት ይችላሉ፤ እርስዎ 30 ብለው ጽፈውት ይሆናል። ዋጋው ቢወጣም ቢወርድም ደግሞ ማንም ተሳስተሻል ሊልዎ አይችልም። የተመቸ ነገር ነው፤ ለዚህም ነው የማይጠቅመው።

ጉደኛው

የእኛ ሠፈር ጠንቋይም እንደዚያ ነው የሚናገረው፤ ተሳስቶ አያውቅም።

የቀድሞ_መኮንን

ልጄ ሰብለ፣ እኔ በዕድሜዬ ብዙ የመረጃ ሪፖርት አይቻለሁ፤ አንብቤም አዝዣለሁ። ስለ ዩኒቨርሲቲው አላውቅም፤ ስለ አዛዡ ግን እናገራለሁ።

ዐድዋን እንውሰድ። ስለ ባሻ አውአሎም ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል፤ ለጣልያን ሰላይ መስሎ ገብቶ የምኒልክ ሠራዊት ተበትኗል የሚል ወሬ ለጦር አዛዣቸው ለባራቲዬሪ እንዳቀበለ። ሲወሳ የሚኖር ጀግንነት ነው። ነገር ግን የሚያታልል ብቻውን አያታልልም፤ ለመታለል የተዘጋጀ ጆሮ ያስፈልገዋል። ባራቲዬሪ ስንቁ ለጥቂት ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር፤ ከሮም ጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ በቴሌግራም ይዘልፉታል፤ ራሱ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ሲያስብ የብርጌድ አዛዦቹ ማፈግፈጉን ተቃወሙ። በዚህ መሐል የኢትዮጵያ ሠራዊት ተዳክሟል የሚል ወሬ ሲመጣ ሊሰማ የሚፈልገው ነገር ደረሰለት።

ከዚያም ካርታው አለ። ከ17,000 በላይ ሰው በሌሊት በአራት ብርጌድ ሲያንቀሳቅሱ የያዙት በእጅ የተነደፈ ንድፍ ነበር። በንድፉ ላይ «ኪዳነ ምሕረት» ተብሎ የተጻፈበት ኮረብታና የአገሩ ሰው ኪዳነ ምሕረት የሚለው ኮረብታ የተለያዩ ናቸው። ጄኔራል አልቤርቶኔ መንገድ መሪዎቹ እውነተኛውን ሲያሳዩት ወደዚያ ገሠገሠ፤ ከሌሎቹ ብርጌዶች ኪሎ ሜትሮች ተነጥሎ የካቲት 23 ቀን 1888 ንጋት ላይ ብቻውን ከኢትዮጵያ ሠራዊት ፊት ተገኘ። ይህ ስለላ አይደለም፤ አንድ የሥፍራ ስም ከባላገር ጠይቆ አለማረጋገጥ ነው። በሥራዬ ዘመን ያየኋቸው ስሕተቶች አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ነበሩ። ምስጢር የጎደለባቸው ጥቂት ናቸው።

ልጅ_ከአሽዶድ

ጋሼ መኮንን እጅግ ጥሩ ተናገሩ። እኔ የምኖረው እስራኤል ነው፤ እዚህ «የመረጃ ክሽፈት» ሲባል ሁሉም የሚያነሣው የ1973ቱን የዮም ኪፑር ጦርነት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 26 ቀን 1966። ወላጆቼ ያኔ ገና ጎንደር ነበሩ። ጦርነቱ ለእነሱ የደረሳቸው የጃንሆይ መንግሥት በጥቅምት ከእስራኤል ጋር ግንኙነቱን ሲያቋርጥ ነው። እኔ ግን ስለ ነገሩ ማንበብ ልማዴ ስለሆነ በዝርዝር ልጻፍ፤ ርዝመቱን ይቅር በሉኝ።

የእስራኤል ወታደራዊ መረጃ ክፍል አንድ ጽኑ እምነት ነበረው። ግብፅ ወደ እስራኤል ውስጥ ዘልቀው የሚመቱ አውሮፕላኖችና ሚሳኤሎች ሳታገኝ ጦርነት አትከፍትም፤ ሶርያ ደግሞ ያለ ግብፅ አትነሣም የሚል። ይህ እምነት ከባዶ የተፈለሰፈ አይደለም። ከታመነ ምንጭ የመጣ ነበር፤ በአንድ ወቅትም ትክክል ነበር። ችግሩ የግብፁ ፕሬዚዳንት ሳዳት በ1972 መጸው ሐሳባቸውን ቀየሩ። በያዙት መሣሪያ የተወሰነ ጦርነት ከፍተው የሱዌዝን ቦይ መሻገር ይበቃናል አሉ። እምነቱ ግን አብሮ አልተቀየረም።

በ1973 ጸደይ ደግሞ የጦርነት ሥጋት ተነሥቶ ሠራዊቱ በብዙ ወጪ ተዘጋጀ። የመረጃው ኃላፊ ጄኔራል ኤሊ ዘይራ የመሆን ዕድሉ ዝቅተኛ ነው ብለው ነበር፤ እውነትም ጦርነት አልመጣም። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይህ ነው። ያን ጊዜ ትክክል መሆናቸው በመስከረም ማንም እንዳይሞግታቸው አደረገ።

በሴፕቴምበር መጨረሻ ግብፅ ልምምድ ነው ብላ ሠራዊቷን ወደ ሱዌዝ ቦይ አስጠጋች። በእስራኤል ደቡብ ዕዝ የመረጃ ክፍል ውስጥ ቢንያሚን ሲማን-ቶቭ የሚባል ወጣት መቶ አለቃ ነበር። በኦክቶበር 1 እና እንደገና በ3 ልምምዱ የጦርነት ዝግጅት መሸፈኛ ሊሆን ይችላል የሚል ጽሑፍ አቀረበ፤ ከልምምድ ጋር የማይሄዱ ምልክቶችንም ዘረዘረ። የቅርብ አለቃው ወደ ላይ አላሳለፈለትም። ለምን ቢባል ዋናው መሥሪያ ቤት ልምምድ ነው ብሎ ወስኗላ! ይህ የታወቀው ከጦርነቱ በኋላ የአግራናት አጣሪ ኮሚሽን ሲመረምር ነው።

በዋዜማው፣ በኦክቶበር 5፣ የወጣውን ሪፖርት ደግሞ ተመልከቱት። አንቀጽ በአንቀጽ የግብፅንና የሶርያን ዝግጅት ይዘረዝራል። ሶቪየቶች የአማካሪዎቻቸውን ቤተሰቦች በአውሮፕላን እያወጡ ነበር። ለልምምድ ተብሎ ሴትና ሕፃናት ከአገር ይወጣሉ? ያ ሁሉ ከተዘረዘረ በኋላ አንቀጽ 40 ላይ ሲደርስ፣ ግብፆች ስለ ኃይል ሚዛኑ ያላቸው አመለካከት አልተለወጠም፤ ስለዚህ ጦርነት የመክፈት ሐሳባቸው «ዝቅተኛ ዕድል» ያለው ነው ይላል። ከላይ ያሉትን አንቀጾች የጻፈው ዐይን ነው፤ አንቀጽ 40ን የጻፈው እምነት። በማግሥቱ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ጦርነቱ ፈነዳ።

ሰብለ_ገበያ

ልጅ ከአሽዶድ፣ ከልቤ አመሰግናለሁ፤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጋሼ፣ እርስዎንም እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ይህን ሁሉ ከተማሩበት በኋላ ምን አስተካከሉ? ለዚህ የተሠራ ዘዴ አለ ወይስ «ንቁ» ብሎ መምከር ብቻ ነው?

ለምን_ተባለ

የጠየቅሽው ጥያቄ ለእኔ ይመቸኛል። ከአግራናት ኮሚሽን በኋላ እስራኤሎች ምን አደረጉ? ሥራው የሁሉንም ግምገማ ተቃራኒ መሞገት ብቻ የሆነ ክፍል አቋቋሙ። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ በየመማሪያ መጽሐፉም ይወደሳል። ከዚያ 50 ዓመት ቆይቶ ኦክቶበር 7 ቀን 2023 መጣ። የሐማስን የጥቃት ዕቅድ ከአንድ ዓመት በፊት እጃቸው አስገብተውት ነበር፤ ከድንበር ላይ ተመልካቾችም ማስጠንቀቂያ ይመጣ ነበር። አሁንም አልሰሙም።

አባት የተባለው ኬንትስ? በሴፕቴምበር 19 ቀን 1962 የእሱ ክፍል ሶቪየቶች ኩባ ላይ የኑክሌር ሚሳኤል የማቆማቸው ነገር አይመስልም፣ ልማዳቸው አይደለም ብሎ ጻፈ። በኦክቶበር 14 የስለላ አውሮፕላን ፎቶ አንሥቶ መጣ፤ ሚሳኤሎቹ እዚያው ነበሩ። መምህሩ ራሱ እንዲህ ከሆነ ተማሪው ምን ሊሆን ነው? ሪቻርድ ቤትስ የተባለው የፖለቲካ ሳይንስ ምሁርም በ1978 የመረጃ ክሽፈት የማይቀር ነው ብሎ ጽፎ ጨርሶታል። የማይቀር ነገር ለመማር ክፍያ አይከፈልም።

ማኅደር_ፈላጊ

ቤትስን ማንሣትዎ ደስ ይለኛል፤ ግን ጽሑፉን ግማሽ መንገድ ላይ ነው የተዉት። ቤትስ የሚለው ዋናው ክሽፈት ከማሰባሰብ ይልቅ በውሳኔ ሰጪዎች ዘንድ ነው የሚደርሰው፤ እያንዳንዱ መድኃኒትም የራሱን በሽታ ይዞ ይመጣል ነው። ሁልጊዜ የሚቃወም ክፍል ካቋቋምክ ሰዎች «የተለመደ ሥራው ነው» ብለው መስማት ይተዋሉ። ብዙ ካስጠነቀቅህ ማንም አይነሣም። ይህ የሚያሳየው ነገሩ ከባድ መሆኑን ነው እንጂ ሁሉም ተንታኝ እኩል ይሳሳታል ማለት አይደለም። ሐኪም ሁሉ በሽተኛ ይሞትበታል፤ ያም ሆኖ ሰው ሐኪም ይመርጣል።

የማልስማማበት ሌላም ነገር አለኝ። እርስዎ የኩባንና የ2023ን ምልክት የሚያዩት ውጤቱን ካወቁ በኋላ ነው። ባሩክ ፊሽሆፍ ገና ወጣት ተመራማሪ ሳለ በኢየሩሳሌም ይህን ፈትኖታል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን በ1972 ወደ ቻይናና ወደ ሞስኮ ከመሄዳቸው በፊት ተማሪዎች የተለያዩ ነገሮች የመሆናቸውን ዕድል በቁጥር እንዲገምቱ አደረገ። ጉብኝቱ ካለፈ በኋላ ቀድሞ ምን ብላችሁ ነበር ብሎ ሲጠይቃቸው፣ ለሆነው ነገር በእርግጥ ከሰጡት ከፍ ያለ ቁጥር እንደሰጡ ነበር የሚያስታውሱት። በ1975 ታተመ። በእኛ አቆጣጠር በ2016 ሐምሌ ብር በገበያ እንዲተመን ሲወሰን «ድሮም አውቀነው ነበር» ያላለ ነጋዴ አግኝታችኋል? ከውሳኔው በፊት ቀኑንና መጠኑን በጽሑፍ ያስቀመጠውን አሳዩኝ።

ወደ ዘዴው ስመጣ፣ ሪቻርድስ ሆየር የተባለ የሲአይኤ ባልደረባ ያቀረበው ሠንጠረዥ በብዙ ዩኒቨርሲቲ ይማሩታል። ላይ መላምቶቹን ትደረድራለህ፣ በጎን ማስረጃዎቹን። ከዚያ እያንዳንዱ ማስረጃ መላምቱን መደገፉን ሳይሆን መቃረኑን ትጠይቃለህ። ቦዩ ዳር የተሰለፈው ሠራዊት ከልምምድም ከጦርነትም ጋር ይስማማል፤ ስለዚህ ምንም አይለይም፣ መቶ ብርጌድ ቢሆንም። የሶቪየት ቤተሰቦች መውጣት ግን ከልምምድ ጋር ይጣላል። አንዱ እውነታ ከመቶው ይበልጣል። ሐሳቡ ይህ ነው። እውነቱን ለመናገር በቅርብ ዓመታት ዘዴው በሙከራ ሲፈተሽ የተወራለትን ያህል የአስተሳሰብ አድሎን አልቀነሰም፤ ለዚህም ነው ነገሩ ትምህርት የሆነው፤ የራሱን መሣሪያ ይፈትናል።

የበለጠ ማስረጃ ያለው ከ2011 ጀምሮ ለአራት ዓመታት የአሜሪካ የመረጃ ምርምር ድርጅት በገንዘብ ደግፎ ያካሄደው የትንበያ ውድድር ነው። የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲዎቹ ፊሊፕ ቴትሎክና ባርባራ ሜለርስ የመሩት ቡድን አሸነፈ። ተወዳዳሪዎቹ ተራ ፈቃደኞች ነበሩ። አንድ ሰዓት ገደማ የሚወስድ ሥልጠና የግምታቸውን ጥራት በ10 በመቶ ገደማ አሻሻለው፤ ሐሳባቸውን በትንሽ በትንሹ እያስተካከሉ የሚሄዱት ደግሞ ከሁሉም በለጡ። የተለኩት በብራየር ነጥብ ነው፤ ግሌን ብራየር የተባለ የአየር ጠባይ ባለሙያ በ1950 ያወጣው። እህት ሰብለ ይሆናል ብለው 70 በመቶ ቢሰጡና ቢሆን፣ የጎደለው 0.3 በራሱ ተባዝቶ 0.09 ይሆናል። ባይሆን 0.7 በራሱ ተባዝቶ 0.49። ዝቅ ያለው ይሻላል። ከሃምሳ ግምት በኋላ አማካዩ ስለ እርስዎ ብዙ ይናገራል።

ቡና_ቀማሽ

ይህ ክር እስካሁን ጦር ሜዳ ነበር፤ ወደ መጋዘን ልመልሰው። በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት አለኝና።

ንግዱም የራሱ ታሪክ አለው። ሃንስ ፒተር ሉን የሚባል የአይቢኤም ባለሙያ በ1958 ለድርጅት ሠራተኞች የሚያስፈልጋቸውን ጽሑፍ በማሽን መርጦ የሚያደርስ ሥርዓት አቀረበ፤ ስሙንም የንግድ መረጃ ሥርዓት አለው። ስዊድን ሉንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስቴቫን ዴዲየር በ1970ዎቹ ትምህርቱን ለነጋዴ ልጆች ማስተማር ጀመረ። ፈረንሳዮች በ1994 የመንግሥት ሪፖርት አውጥተው ከሦስት ዓመት በኋላ ፓሪስ ውስጥ የኢኮኖሚ ጦርነት ትምህርት ቤት ብለው ከፈቱ፤ ስሙ ትንሽ ያስፈራል። ለእኔ ግን የሚጠቅመው የጃን ሄሪንግ ነገር ነው። ሲአይኤ ሠርቶ ወጥቶ በ1980ዎቹ ሞቶሮላ ውስጥ የመረጃ ክፍል አቋቋመ። መጀመሪያ የሚያደርገው አለቆችን ማነጋገር ነበር፦ ልትወስኑት ያላችሁት ውሳኔ ምንድን ነው? በድንገት ቢመጣባችሁ የሚጎዳችሁ ነገር ምንድን ነው? የምትፈሩት ተፎካካሪ ማን ነው? መልሱን ሳይዝ ምንም አይሰበስብም።

ሰብለ፣ የአንቺ ሁለት ገጽ ችግሩ እዚህ ላይ ይመስለኛል። የሚገኘውን ሁሉ ትሰበስቢያለሽ፤ ለየትኛው ውሳኔ እንደሆነ ግን አልተጠየቀም። ሥራ አስኪያጅሽ የሚወስኑት የብራዚል ዝናብን አይደለም። አቅራቢዎች የተዋዋሉትን ያስረክባሉ ወይ የሚለውን ነው። በጁላይ 2021 ብራዚልን ውርጭ መታት፤ የኒውዮርክ ዋጋ በጥቂት ቀናት 2 ዶላር በፓውንድ (ግማሽ ኪሎ ገደማ) አለፈ። በዚያው ዓመት ኮሎምቢያ ውስጥ ቀድሞ በዝቅተኛ ዋጋ የሸጡ አርሶ አደሮች አናስረክብም አሉ፤ ላኪዎች ከውጭ ገዢ ጋር የገቡት ውል ተንጠለጠለባቸው። ይህ ምስጢር አልነበረም። የውሉን ዋጋና የዕለቱን ዋጋ ጎን ለጎን ያየ ሁሉ ሊያውቀው ይችል ነበር። በ2025 ፌብሩዋሪ ዋጋው 4 ዶላር ሲያልፍ እኛም አገር ስንቱ እሸት ገዢ ከአርሶ አደሩ ጋር እንደተካሰሰ የሚያውቅ ያውቃል።

ሌላ ልጨምር። የአውሮፓ ኅብረት የደን ምንጣሮ ደንብ ረቂቅ ለሕዝብ የወጣው በኖቬምበር 2021 ነው። በ2023 ጸደቀ። ከ2020 በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት የመጣ ቡና አይገባም፣ ማሳው የት እንዳለም በካርታ መጋጠሚያ ይቅረብ ይላል። ተግባራዊነቱ ሁለት ጊዜ ተገፍቷል። ረቂቁ ሲወጣ ያነበበ ላኪ የአርሶ አደሮቹን ማሳ መመዝገብ ለመጀመር ዓመታት ነበረው። እኔ የማውቃቸው አብዛኞቹ የሰሙት የጀርመን ገዢያቸው ደብዳቤ ሲጽፍላቸው ነው። ስለላ የት አለ እዚህ ውስጥ? ሰነዱ በነጻ ይነበባል።

ሰብለ_ገበያ

ቡና ቀማሽ፣ አሁን ገባኝ። ይህን ካነሣችሁ የሚያስጨንቀኝን ልናገር። ባለፈው አንድ የቅርብ አለቃዬ የውጭ ገዢ መስለሽ ለተፎካካሪ ድርጅት ደውዪና የሚሸጡበትን ዋጋ አውጪልኝ አለኝ። አልደወልኩም፤ እሱም አኩርፎኛል። ይህ «የንግድ መረጃ» ከሚባለው ውስጥ ነው ወይስ አይደለም?

አወያይ

ለሁሉም፦ ጉዳዩ የሕግ ስለሆነ ጨዋነት ይጠበቅ። በእኛ አቆጣጠር በ2006 የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 የሌላውን ነጋዴ መረጃ ያለ ፈቃዱ ከመልካም የንግድ ልማድ ውጭ መያዝና መጠቀምን ተገቢ ካልሆነ ውድድር ይቆጥረዋል። ዝርዝሩን የሕግ ባለሙያ ይጠየቅ።

ቡና_ቀማሽ

አለመደወልሽ ልክ ነው። በ2001 ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ያሠማራቸው ሰዎች የተፎካካሪውን የዩኒሊቨርን የቢሮ ቆሻሻ እየፈተሹ ስለ ጸጉር ምርቶቹ ሰነድ ሰበሰቡ። ድርጅቱ ራሱ ሄዶ ለዩኒሊቨር ተናገረ። ሕግ አልጣስንም፣ የራሳችንን ደንብ ግን ጥሰናል ነበር ያሉት፤ ነገሩ በስምምነት አለቀ። ስምን ደብቆ መጠየቅ በሙያው ማኅበር ደንብም የተወገዘ ነው። ደግሞም አያስፈልግም። የተፎካካሪሽን ዋጋ ለማወቅ የአገር ውስጥ መግዣውን፣ የማዘጋጃና የትራንስፖርት ወጪውን፣ የጂቡቲ ማስጫኛውን ደምሪ፤ ከእውነቱ ብዙ አትርቂም።

የቀድሞ_መኮንን

ልጄ፣ ያኮረፈው አለቃሽ ጥያቄውን በጽሑፍ እንዲሰጥሽ ጠይቂው። አይጽፈውም።

ጉደኛው

ጋሼ መኮንን ጡረታ የወጡት በግድ ነው መሰለኝ።

ሰብለ_ገበያ

ጋሼ፣ ሣቄን ነው ያመጡት! የተባለውን ሁሉ ይዤ አንድ ነገር ሞከርኩ። ለሥራ አስኪያጃችን «እስከ ወሩ መጨረሻ የሚወስኑት ውሳኔ የትኛው ነው?» ብዬ ስጠይቃቸው ትንሽ ዝም ብለው፣ ገና ያልተሸጠውን ያልታጠበ የጅማ ቡና አሁን ዋጋ ቆርጠን እንሽጠው ወይስ እንጠብቅ የሚለው ነው አሉኝ። ስለዚህ ረቂቄ ይህ ነው፤ ቅደዱት፦

«የኒውዮርክ የአረቢካ ዋጋ በሚቀጥለው ወር ዛሬ ካለበት ዝቅ የማለቱ ዕድል 65 በመቶ ነው። ምክንያት፦ የብራዚል አዝመራ ያለችግር እየገባ ነው፤ የውርጭ ወራት ግን ገና አላለፈም። ሐሳቤን የሚያስቀይረኝ፦ በብራዚል ደቡብ ሚናስ የውርጭ ትንበያ ከወጣ።»

ለምን_ተባለ

እንግዲህ ልቅደደው ካልሽ። «በሚቀጥለው ወር» ማለት መቼ? የመጀመሪያው ቀን ነው የመጨረሻው? በየትኛው ወር የሚረከቡት ኮንትራት? የመዝጊያው ዋጋ ነው ወይስ በቀኑ ውስጥ የነካው? «ዛሬ ካለበት ዝቅ» ሲባልስ በአንድ ሳንቲም ዝቅ ቢል ትክክል ነሽ ልትባዪ ነው? አንድ ሳንቲም ለውሳኔው ምንም አይደለም። ባንካችሁ የሚያስከፍላችሁን ወለድና የመጋዘን ኪራይ የሚሸፍን ልዩነት አስቀምጪ። እንዲህ ካልሆነ ያ ብራየር የሚባለው ሰው ሊያርምልሽ አይችልም።

ማኅደር_ፈላጊ

አየህ፣ ለምን ተባለ የዚህ ትምህርት ጥሩ መምህር ይወጣሃል። («አንተ» ማለቴን ይቅር በለኝ፤ ክርክሩ አቀራረበን።) እኔ የምጨምረው አንድ ነው። የአሜሪካ የመረጃ ድርጅቶች ከ2015 ጀምሮ በሚሠሩበት መመሪያ «የሚመስል» የሚለው ቃል ከ55 እስከ 80 በመቶ ነው፤ «በጣም የሚመስል» ከ80 እስከ 95። ቁጥሩን ሥራ አስኪያጁ ካልወደዱት ቃሉን ከላይ፣ ክልሉን ከሥር ጽፈው ይስጧቸው። ስለ ማስተርሱ ደግሞ፣ እህት ሰብለ፣ የታሪኩን ግማሽ ለመማር ከፈለጉ ይምጡ፤ የሚያስቆጭ አይደለም። ለሥራዎ ብቻ ከሆነ ግን የትንተና ዘዴና የስታቲስቲክስ ኮርሶች ያሉትን ፕሮግራም ይምረጡ፤ የኮርሱን ዝርዝር ሳያዩ አይመዝገቡ። አንዳንዱ እውነትም የጡረተኞች ጨዋታ ነው።

ለምን_ተባለ

በዚህስ እስማማለሁ። ግማሹን ብቻ ነው ያልኩት እኔም። («አንተ» ማለትህ ግድ የለም።)

ሰብለ_ገበያ

ያስተካከልኩት፦

«የኒውዮርክ የጁላይ ኮንትራት በግንቦት 22 መዝጊያው ላይ ከዛሬው መዝጊያ ቢያንስ 12 ሳንቲም በፓውንድ ዝቅ ብሎ የመገኘቱ ዕድል፦ የሚመስል፣ 60 በመቶ። (12 ሳንቲም የወለድና የመጋዘን ወጪያችን በአንድ ወር ነው፤ ከሒሳብ ክፍል ጋር ተስማምተንበታል።) ሐሳቤን የሚያስቀይረኝ፦ በደቡብ ሚናስ የውርጭ ትንበያ፤ ወይም በብራዚል ወደቦች የመርከብ ወረፋ መጨመር።»

ከ65 ወደ 60 ያወረድኩት ልዩነቱን ስለጨመርኩበት ነው። የአቅራቢዎችን ውል የማስረከብ ነገርም ለብቻው ጥያቄ አድርጌ ጀምሬዋለሁ፤ ቡና ቀማሽ፣ የውሉን ዋጋ ከዕለቱ የእሸት ዋጋ ጋር በየሳምንቱ ነው የምታወዳድሩት ወይስ በየቀኑ?

ቡና_ቀማሽ

በአዝመራ ወቅት በየቀኑ፤ ከዚያ ውጭ በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል። የእሸቱን ዋጋ ከቢሮ ሆነሽ አትጠብቂው፤ ሳይት ላይ ላለው መዛኝ ስልክ ደውዪ። ውሉም በፈረሱላ ከሆነ ወደ ኪሎ ስትመልሺ በ17 አካፍዪ፤ አዲስ ሠራተኛ እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው።